የቆርቆሮዋ መኪናና የመሪየም ከበል

ዐብዱረዛቅ ዘንድ ራዲዮ ያሠራ ሰው ሁለት ነገር ይዞ ይወጣ ነበር፤ የተሠራ ራዲዮና ያልጠየቀው ትምህርት። ሱቁ ሐረር ውስጥ፣ ከጊደር መጋላ ገበያ ወረድ ብሎ፣ ከቅመም ነጋዴዎች ጀርባ የተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ናት። ደንበኛው ገና «መቼ ልምጣ?» ሳይል እሱ የራዲዮውን ጀርባ ከፍቶ «ና እስቲ እየው፤ ይቺ አምፖል ስትሞቅ ምን ይሆናል መሰለህ…» ብሎ ይጀምራል። ለሶላት የቸኮለ ሼህ ይሁን፣ ማሽላዋን ሸጣ አገሯ ልትገባ የተጣደፈች የገጠር ሴት ትሁን፣ ለእሱ ለውጥ የለውም። ያስተምራል። ሰዉም ለምዶታል፤ በአፉ «እሺ፣ እሺ» እያለ በዐይኑ በሩን ያያል።

አይ ዐብዱ! ማስተማር ለእሱ እንደ ረሃብ ነበር። የራሱ ትምህርት ግን ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ልጅ ሳለ አባቱ ሞቱና ደብተሩን አስቀምጦ ሥራ ገባ። በዚያው ሰሞን ጣሊያን ጥሎት የሄደ አንድ የተሰባበረ ራዲዮ እጁ ገባ። ፈታው፤ መልሶ መግጠም አቃተው። እንደገና ገጥሞ እንደገና ፈታው። በሦስተኛው ዓመት ራዲዮው ድንገት ሲጮህ እናቱ «ቢስሚላህ!» ብለው የያዙትን ወንፊት ጣሉት። ከዚያ ወዲያ በከተማው ግንብ ውስጥ የታመመ ራዲዮ ሁሉ ወደ እሱ መጣ። «ማን አስተማረህ?» ሲሉት ግን የሚጠራው ስም አልነበረውም።

ይቺው «ማን አስተማረህ» ናት እንግዲህ ዕድሜውን ስታሳድደው የኖረች። ከግንቡ ውጭ፣ በአዲሱ ከተማ፣ የሙያ ትምህርት ቤት ተከፍቶ የራዲዮ መምህር ይፈለግ ነበር። ዐብዱረዛቅ ሁለት ጊዜ አመለከተ፣ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። ቅጹ ላይ «ሙያውን ያስተማረዎት መምህር ስም» የምትል አንዲት መስመር አለች። ቅጹን የሚሞላው ሁልጊዜ በእርሳስ ነው፤ በቀለም ለመጻፍ ድፍረቱ አልነበረውም። ስሙን፣ ዕድሜውን፣ ሰፈሩን ይጽፋል። እዚያች መስመር ሲደርስ እርሳሱን ያስቀምጣል። የጽሕፈት ቤቷ ወይዘሪት ንግሥትም ቅጹን በጣቷ ገፋ አድርጋ «ባዶ መስመር ያለው ቅጽ ለዳይሬክተሩ አላቀርብም፤ የሚቆጡት እኔን ነው» ትለዋለች። ክፉ ሆና አይደለም፣ ሥራዋ ነው። እሱ ግን ከዚያ ተነሥቶ ከግንቡ በሮች አንዱ በሆነው ኤረር በር አጠገብ እስካለው ቤቱ ድረስ አንገቱን ደፍቶ ነበር የሚመለሰው።

ቤት ሲደርስ መጽናኛው አንዲት የቆርቆሮ መኪና ነበረች። ሳቅ አይያዛችሁ፤ የሠላሳ ስድስት ዓመት ሰው ነው። አንድ ህንዳዊ መምህር ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ዐብዱረዛቅ ራዲዮውን ስለሠራለት፣ ሁለት ትንንሽ ሣጥኖች ትቶለት ሄዶ ነበር። አንደኛዋ ሣጥን ላይ አንዲት ቁልፍ አለች፤ ሲጫኗት በአየር ምልክት ትልካለች። ሌላዋ ምልክቱን ትቀበላለች፤ ስትቀበል በውስጧ ያለች ማብሪያ «ቀጭ» ትላለች። ሌላ ዕውቀት የላትም። ቀኝ አታውቅ፣ ግራ አታውቅ፤ የምታውቀው «አለ» እና «የለም» ብቻ ነው።

ዐብዱረዛቅ ታዲያ በዚች ሁለት ቃል ብቻ በምታውቅ ሣጥን መኪና ልንዳ ብሎ ተነሣ። ከዘይት ቆርቆሮ አካሏን ቆረጠ፣ ከጫማ ቀለም ክዳን ጎማዋን ሠራ፣ ከሁለት የተሰበሩ የባትሪ ሸክላ ማጫወቻዎች ሁለት ሞተር ነቅሎ አንዱን ለግራ አንዱን ለቀኝ ጎማ ሰጣቸው፣ የባትሪ ድንጋይና ተቀባይዋን ሣጥን ሆዷ ውስጥ ደረደረ። ቁልፏ ስትጫን የግራው ሞተር ይዞራል፤ ስትለቀቅ የቀኙ ይዞራል። ቶሎ ቶሎ፣ እኩል እኩል ተጭነው ከለቀቁ ሁለቱም ተራ በተራ እየገፉ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ቁልፏን ተጭነው ያዝ ካደረጉ መኪናዋ ወደ ቀኝ ትታጠፋለች። ሐሳቡ እንከን አልነበረውም። እንከኑ መኪናዋ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ቀጥ ብላ አለመሄዷ ነበር።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ስምንት ግንቦት ላይ ሙሉጌታ ሱቁ ድረስ መጣ። ሙሉጌታ በዚያው ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ የሚያስተምር ወጣት ነው፤ የዐብዱረዛቅን ያልተጠየቀ ትምህርት ቁጭ ብሎ የሚሰማ እሱ ብቻ ነበር።

«ዳይሬክተሩን አነጋገርኋቸው» አለ።

«እሺ አሉ?»

«እሺም እምቢም አላሉ። ‹ራዲዮ መጠገኑንማ ሱቁ ውስጥም ይጠግናል፤ መምህር እሆናለሁ ካለ ልጆቹን አፍ የሚያስከፍት ነገር ያሳየኝ› አሉ። እኔም ስለ መኪናዎ ነገርኋቸው።»

ዐብዱረዛቅ የሽቦ መበየጃ ካውያውን አስቀመጠ። «ምን ብለህ?»

«ሰኔ ላይ በወላጆች ቀን፣ ማንም ሳይነካት፣ ከወርክሾፑ በር ተነሥታ የባንዲራውን ምሰሶ ዞራ ትመለሳለች አልኋቸው። ይህን ካዩ ያንን ቅጽ ራሳቸው ይቀበሉዎታል።»

«ወላሂ ገደልከኝ!» አለ ዐብዱረዛቅ። ሙሉጌታ የደስታ መስሎት ሳቀ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቁን ከአሱር፣ ከከሰዓቱ ሶላት በኋላ እየዘጋ ግቢው ውስጥ መለማመድ ያዘ። ሚስቱ መሪየም በርበሬዋን ሰሌን ላይ አስጥታለች። እሱ «ቢስሚላህ» ብሎ ቁልፏን መጫን ይጀምራል። መኪናዋ ትነሣለች፤ ወደ ቀኝ ትላለች፤ አሁንም ወደ ቀኝ ትላለች፤ ዞራ ዞራ በርበሬው ውስጥ ትገባለች። በሦስተኛው ቀን የመሪየም ትዕግሥት አለቀ።

«አንተ ሰውዬ! ይሄ በርበሬ ምን በደለህ?»

«እኔ እኮ አይደለሁም፣ ሞተሩ ነው። የግራው ይበረታል።»

«ትናንት የቀኙ ይደክማል አላልከኝም?»

«ያው ነው።»

«ስጠኝ!» ብላ ባለ ቁልፏን ሣጥን ከእጁ ቀማችው።

መሪየም ስለ ሽቦ አንዳች አታውቅም፤ ማወቅም አትፈልግም። ስለ ምት ግን ማንም አያስተምራትም። ሐረር ውስጥ ሠርግ ሲሆን ሴቶች ከከበሮው ጋራ ከበል የሚሉትን ሁለት ጠፍጣፋ እንጨት በእጃቸው እያጋጩ ምት ይሰጣሉ። መሪየም ከበል መያዝ የጀመረችው የወተት ጥርሷ ሳይነቀል ነው ይባላል። እሷ ካልመጣች ሠርጉ አይጀመርም፤ ከበሮ መቺዋ ብትሳሳት እንኳ የምትመለሰው ወደ መሪየም እንጨት ነው።

ቁልፏን በአውራ ጣቷ መታች፣ ለቀቀች፣ መታች፣ ለቀቀች። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። መኪናዋ እንስራ እንደ ተሸከመች ሴት ወገቧን ግራና ቀኝ እያወዛወዘች፣ በርበሬውን በስተግራ ትታ፣ ግቢውን አቋርጣ ሄዳ ከማዶው ግንብ ጋር ተላተመች። ዐብዱረዛቅ አፉን በእጁ ያዘ።

«ምን አደረግሻት?»

«ምንም። መታሁ፣ ለቀቅሁ። አንተ ስትመታ ትይዛለህ፤ አትለቅም። መቼ የያዝከውን ለቀህ ታውቃለህ?»

እውነቷን ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ሞተር ሲፈታ፣ ጎማ ሲሞርድ፣ ሽቦ ሲቀይር ኖሮ ለካ ጥፋቱ የገዛ አውራ ጣቱ ነው። አፈረ። ደስም አለው፤ ማፈሩንም ደስታውንም ለመደበቅ አጎንብሶ የመኪናዋን ጎማ ማየት ጀመረ።

«እንግዲያው አንቺ ንጂያት» አላት።

«እኔ ልነዳ፣ አንተ ልትቀጠር? ነገ ክፍል ውስጥም ልግባልህ? አይሆንም። ምቱን እኔ እሰጥሃለሁ፤ እጁ ግን ያንተ ይሁን።»

እንዲህ ተስማሙ። እሷ በከበሏ ትመታለች፤ በእያንዳንዷ ምት እሱ ይጫናል፣ ይለቃል። መታጠፊያው ሲደርስ ከበሏን ታቆማለች፤ ያን ጊዜ እሱ ቁልፏን እንደ ያዘ ይቆያል፣ መኪናዋም ወደ ቀኝ ትዞራለች። መልሳ ስትመታ እሱም ይመልሳል። ያንን ሰሞን በየቀኑ ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ እስኪደርስ ከበሉ ከግቢያቸው አልጠፋም፤ ጎረቤት ሁሉ «እነ መሪየም ማንን ሊድሩ ነው?» ይል ነበር። መኪናዋ የውሃውን በርሜል ዞራ መመለስ ስትጀምር የዐብዱረዛቅ አንጀት ቅቤ ጠጣ።

አንድ ነገር ብቻ ነበር። ዐይኑን ከመሪየም እጅ አይነቅልም።

«መኪናዋን እያት እንጂ!» ትለዋለች።

«አንቺን ካላየሁ ምቱ ይጠፋብኛል።»

«እኔ የት እሄድብሃለሁ?» ብላ ትስቃለች። እሱ ግን መኪናዋን አላየም።

የወላጆች ቀን ደረሰ። የትምህርት ቤቱ ሜዳ ጢም ብሏል። በአንድ ወገን ወንዶቹ፣ በአንድ ወገን ሴቶቹ፣ ተማሪዎቹ በየአጥሩ ላይ። ከባንዲራው ምሰሶ ወዲያ ማዶ ጠረጴዛ ተዘርግቶ፣ ነጭ ጨርቅ ለብሶ፣ ዳይሬክተሩ ከእንግዶቻቸው ጋር ተቀምጠዋል። መሪየም ከሰፈሯ ሴቶች ጋር ከፊት ተቀምጣ ከበሏን በሻሿ ሥር ደብቃለች። ሴቶቹም ቀይና ወይን ጠጅ ለብሰው፣ ምን ሊታይ እንደሆነ ባያውቁም፣ የመሪየም ባል አንድ ነገር ሊያሳይ ነው ስለ ተባለ ብቻ መጥተዋል። መሪየም ግን ምቷ መኪናዋን እንደሚመራ ለማንም አልነገረችም። እዚህ ላይ ነው የተሳሳተችው።

ዐብዱረዛቅ መኪናዋን ወርክሾፑ በር ላይ አስቀመጣት። በልቡ «ያ ረብ፣ ዛሬን ብቻ» አለ። መሪየም ከበሏን አወጣችና መታች።

መኪናዋ ተነሣች። ሜዳው ጸጥ አለ። ማንም አልነካት፣ ማንም አልጎተታት፤ ወገቧን እያወዛወዘች ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ተማሪዎቹ ከአጥር ላይ ዘለው ወረዱ። አንድ አባት «ማሻአላህ!» ሲሉ ድምፃቸው እስከ ዳር ተሰማ።

ታዲያ ከመሪየም አጠገብ ሐዋ ተቀምጣ ነበር። ሐዋን የማያውቅ የለም፤ ድምጿ ከኤረር በር ጊደር መጋላ ይሰማል። እነዚህ ሴቶች ደግሞ ከበል ሲመታ ዝም ብሎ መቀመጥ አያውቁም፤ ምት ሰጪን ብቻዋን መተው ለእነሱ ነውር ነው። ሐዋ የመሪየምን ብቸኛ ምት ስትሰማ አዘነችላት። «ምነው እህቴ፣ ብቻሽን!» ብላ በጭብጨባ ተቀበለቻት። ከሐዋ ቀጥላ ሌላዋ፣ ከሌላዋ ቀጥሎ ሁሉም። ዘፈኑ ተነሣ፣ እልልታው ቀለጠ፣ አርባ ሴት በአንድ ምት ያጨበጭባል።

መጀመሪያ ለክፉ አልሰጠም። የሴቶቹ ምት እኩል ነው፤ መኪናዋ እንዲያውም ከልምምዱ ይልቅ ቀጥ ብላ ሄደች። ምሰሶው ጋ ስትደርስ መሪየም እንደ ውሏቸው ከበሏን አቆመች። ሐዋ ግን አላቆመችም። ማንም አላቆመም! ምቱ ይባስ ብሎ ፈጠነ፤ ሠርግ ላይም እንዲሁ ነው፣ ዘፈኑ ሲግል ምቱ ይፈጥናል። የዐብዱረዛቅ አውራ ጣት ደግሞ አሁን መልቀቅ ለምዷል፤ ጆሮው የሰማውን ይታዘዛል። መኪናዋ ምሰሶውን አልፋ ወደ ነጩ ጠረጴዛ ገሰገሰች።

እሱ ዐይኑን መሪየም ላይ እንደ ተከለ ነው። ሁለቱን እንጨቶች ወደ ላይ አንሥታ ዝም ብላለች። ለምን እንደሆነ አልገባውም። እጇ ቆሟል፣ ምቱ ይሰማል። ጉድ ፈላ! መሪየም ብትጮህም እልልታው ዋጣት። በመጨረሻ በአንደኛው እንጨት ወደ ሜዳው ጠቆመችው፤ ፊቷ ላይ «እያት!» የሚል ብቻ ነበር።

ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ መኪናዋን አያት። ከዳይሬክተሩ ጫማ ሁለት እርምጃ ቀርቷታል።

ጆሮውን ዘጋ። አርባ ሴት እያጨበጨበ እሱ ቁልፏን ያዘ፤ ያንን የድሮውን አያያዙን ያዘ። መኪናዋ የጠረጴዛውን ጨርቅ ጫፍ ነክታ፣ በዳይሬክተሩ ጫማ ፊት ቀኝ ታጠፈች። አሁንም አልለቀቀም። ፊቷን ወደ ምሰሶው ስታዞር ነው የለቀቃትና ወደ ሴቶቹ ምት የተመለሰው። አሁን ግን በጆሮው እየሰማ በዐይኑ ይከተላታል፤ ሳያስፈልግ ወደ ግራ ስታዘነብል አንዲት ምት ያረዝምላታል፣ ስትቀና ወደ ዘፈኑ ይገባል። ምሰሶውን ዞረች። ሜዳውን ሁሉ አቋርጣ መጥታ እግሩ ሥር ስትደርስ ጎንበስ ብሎ አነሣትና ሆዷ ውስጥ ያለውን ማጥፊያ ዘጋ።

ጭብጨባው ሲበርድ ዳይሬክተሩ ተነሥተው መጡ። ቁጡ ሰው ናቸው ይባላል፤ ፊታቸውም አይነበብም።

«ከጫማዬ ሥር ያዞሯት አስበውበት ነው?» አሉት።

ሙሉጌታ ከኋላቸው ቆሞ፣ «አዎ ይበሉ» እያለ ራሱን ይነቀንቅለታል። ዐብዱረዛቅ አየው። አንዲት «አዎ» ነበረች የምትፈለገው።

«አይደለም ጌታዬ» አለ። «ተሳስቼ ነው። መኪናዋን አላይም ነበር።»

ሙሉጌታ ዐይኑን ጨፈነ። ዐብዱረዛቅ ግን አንዴ ከጀመረ ማን ያቆመዋል! መኪናዋን ገልብጦ ሆዷን አሳያቸው። «ይቺ ሣጥን ‹አለ› እና ‹የለም› ብቻ ነው የምታውቀው። ምልክት ሲኖር ይሄኛው ሞተር፣ ሲጠፋ ያኛው። ቀጥ የምትለው ሁለቱን እኩል ስትሰጧት ነው። የእኔ አውራ ጣት ደግሞ እኩል መስጠት አያውቅም ነበር፤ የያዘውን አይለቅም። ሁለት ዓመት ሞተሩን ስወቅስ ኖሬያለሁ። እኩል መልቀቅን ያስተማረችኝ ባለቤቴ ናት፤ ያውም በከበል።» ከዚያ ወደ ተማሪዎቹ ዞሮ «እስቲ አጨብጭቡ፤ እጃችሁ ሲገጥም የግራው ሞተር፣ ሲላቀቅ የቀኙ» አላቸው። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። እኩል ያላጨበጨበውን «አንተ አጥር ውስጥ ገባህ!» ይለዋል፤ ሜዳው በሳቅ ይሞላል። ከሁሉ የሚገርመው፣ ያን ሁሉ ሲናገር እንደ ሱቁ ደንበኞች ወደ በር የሚያይ አንድም ሰው አልነበረም።

ዳይሬክተሩ እስኪጨርስ ጠበቁ። «ማዞሩንስ ማን አስተማረዎት?»

«ማዞሩ… ማዞሩ የራሴ ነው» አለ፤ ሲናገረው ለራሱም አዲስ ሆነበት።

«ሰኞ ቅጹን ይዘው ይምጡ» አሉት። «ሞልተው።»

ሰኞ ማለዳ ወይዘሪት ንግሥት ፊት ተቀመጠ። ስሙን ጻፈ፣ ዕድሜውን ጻፈ፣ ሰፈሩን ጻፈ። እዚያች መስመር ላይ ሲደርስ ብዕሩን አላስቀመጠም። ንግሥት ቅጹን ተቀብላ በጣቷ እየተከተለች አነበበች፤ መጨረሻ ላይ ቀና አለች።

«ወይዘሮ መሪየም የየትኛው ትምህርት ቤት መምህር ናቸው?»

«የግቢያችን» አላት።

ንግሥት መስመሮቹን አንድ በአንድ ቆጠረች፤ ባዶ የለም። ማኅተሙን አንሥታ ረገጠችበት።

ቤት ሲገባ መሪየም በርበሬዋን እያገላበጠች ነበር። ያለውን ሁሉ ነገራት፤ መቀጠሩን፣ መስከረም ላይ መጀመሩን፣ በመጨረሻም መስመሯን። እጇ በርበሬው ላይ ቆመ።

«ስሜን ጻፍከው?»

«ጻፍሁት። ከነአባትሽ ስም።»

«በእርሳስ?»

«በቀለም» አላት።

መሪየም በሻሿ ጫፍ ዐይኗን ጠረገች፤ የበርበሬው አቧራ ነው አለች። ከዚያ ሰሌኑን ወደ ጥግ ጎተተችና፣ መኪናዋ የምታልፍበትን ቦታ ለቀቀችለት።